የማን ሽርሽር ነው? በሐዋሳ ለቡድን መውጫ የሚሆን ቦታ አመራረጥ

ሐዋሳ የሽርሽር ቦታ አታጣም። ሐይቁ አለ፣ ተራራው አለ፣ ትንሽ ራቅ ላለ ደግሞ ፍል ውሃና ደን አለ። ችግሩ የሚመጣው የአንድ ትምህርት ቤት ክፍል፣ የእድር አባላት ወይም የመሥሪያ ቤት ሠራተኞች «ቅዳሜ የት እንሂድ?» ብለው ሲነሱ ነው። ወሬው ከዚያ ከጀመረ ጀልባ የሚወድ ጀልባ ይላል፣ ተራራ የሚወድ ተራራ ይላል፤ ድምፁ የጎላው ያሸንፋል። ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናት፣ አምስት ዓመት ያልሞላው ልጅና በዊልቸር የሚንቀሳቀሰው ባልደረባ የሚታወሱት ቦታው ከተደረሰ በኋላ ይሆናል።

ስለዚህ ወሬው «እነማን ነን የምንሄደው?» ተብሎ ይጀመር። ቦታ መመረጥ ያለበት ከቡድኑ ውስጥ ይበልጥ ለሚቸገረው ሰው ነው። ቀላል ቦታ ላይ ለብርቱዎቹ ከበድ ያለ ጨዋታ መጨመር ይቻላል፤ ከባድ ቦታ ላይ ግን ለደካማው መንገዱን ማቅለል አይቻልም።

መጀመሪያ መስፈርቱ

ቦታ ከመጠራቱ በፊት የስም ዝርዝር ይውጣና ከእያንዳንዱ ስም ጎን አራት ነገር ይጻፍ፦ ዕድሜ፤ የመንቀሳቀስ፣ የማየት ወይም የመስማት ችግር፤ የሚወሰድ መድኃኒት ወይም የቆየ ሕመም፤ የሚበላና የማይበላ ምግብ። ሕመምን መጠየቅ ነውር የሚመስለው አስተባባሪ አለ። ነገር ግን የሚጥል በሽታ ያለበትን ሰው ሳያውቁ ጀልባ ላይ ማሳፈር፣ የደም ግፊት ያለባቸውን ሰው ሳይነግሯቸው ፍል ውሃ ውስጥ ማስገባት ከነውር በላይ ነው። ጥያቄው ለብቻ፣ በጽሑፍ ይቅረብ፤ ወረቀቱም በአንድ ሰው እጅ ብቻ ይቆይ።

ከዚያ እያንዳንዱ ቦታ በእነዚህ ይመዘናል።

መሬቱ ምን ይመስላል? ዊልቸር ያስኬዳል? ከዘራ የያዘ ሰው አይንሸራተትበትም? ጥላስ አለ? ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ነፋሱ ቢያቀዘቅዝም ፀሐዩ ያቃጥላል፤ ከረፋዱ 5 እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ያለ ጥላ ልጆችን ማቆየት ራስ ምታትና ትውከት ያመጣል።

መጸዳጃ ቤት ከሁሉ በላይ የሚረሳው መስፈርት ነው። አዛውንቶችና ነፍሰ ጡሮች ሩቅ ከሆነባቸው ውሃ መጠጣት ያቆማሉ፤ ውሃ ያልጠጣ ሰው ደግሞ ፀሐይ ላይ ቶሎ ይደክማል። ቀድሞ ሄዶ ማየት ያስፈልጋል፦ በሩ ይዘጋል ወይ? ውሃ አለ ወይ? ዊልቸሩ በበሩ ያልፋል ወይ? ሜትር ይዞ የበሩን ስፋት መለካት የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው፤ 80 ሴንቲ ሜትር ካለ አብዛኛው ዊልቸር ይገባል።

መውጫው ሌላው ነው። አንድ ሰው ቢወድቅ መኪና ወይም ባጃጅ እስከ ስንት ሜትር ይቀርባል? ቃሬዛ የሚያስፈልገው ቦታ ከሆነ ለመሸከም አራት ብርቱ ሰው መኖሩን ማወቅ ይገባል።

ውሃ ዳር ከሆነ የጠባቂ ቁጥር ይጨመራል። ለእኛ በቂ የሚመስለን ልክ ይኸው ነው፦ ከ7 ዓመት በታች ላሉ ለአራት ልጅ አንድ አዋቂ፣ ከ7 እስከ 12 ላሉ ለስምንት ልጅ አንድ፣ ለጎረምሶች ለአሥራ ሁለት አንድ። ምግብ የሚያቀርብ ወይም ፎቶ የሚያነሳ ሰው ከጠባቂ አይቆጠርም።

ፍቅር ሐይቅ

ፍቅር ሐይቅ የሚባለው የሐዋሳ ሐይቅ ዳርቻ ለተደባለቀ ቡድን የመጀመሪያ ምርጫ ነው። የእግረኛው መንገድ ሜዳ ነው፣ ዛፎች አሉ፣ ሻይ ቡናው ቅርብ ነው፣ ባጃጅ እስከ አጠገብ ይደርሳል። ወጪውም ዝቅተኛ ነው። ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ያለው ጊዜ ይመረጣል፤ ሐይቁ ይረጋል፣ ወፎቹ ይበዛሉ፣ ሰው ገና አልሞላም። ማታ ማታ ደስ ቢልም ሰዉ ስለሚበዛ ልጅ መቁጠር ያስቸግራል፤ ከመሸ በኋላ ጉማሬ ለግጦሽ ወደ ዳር ይወጣል፣ የወባ ትንኝም ይነሳል። ልጆች የያዘ ቡድን 12 ሰዓት ሳይሞላ መልቀቅ አለበት።

እዚህ ዋናው ስጋት የውሃው ዳር ራሱ ነው። ልጅ እግሩን ነክሮ መጫወት ይወዳል፤ ሐይቁ ውስጥ ግን ቢልሃርዚያ አለ። ትሉ የሚራባው በዳር ሣርና ቄጠማ መካከል በሚኖር ቀንድ አውጣ ውስጥ ነው፤ ከዚያ ወጥቶ በቆዳ በኩል ይገባል። ውሃውን ሳይጠጡ፣ ሳይዋኙ፣ እግር ብቻ ነክረው በደቂቃዎች ውስጥ ሊያዙ ይችላሉ። ስለዚህ ደንቡ «አትዋኙ» ሳይሆን «ውሃው አይነካችሁ» መሆን አለበት። በድንገት የረጠበ ልጅ ቶሎ በፎጣ በደንብ ይታሸት።

የጨዋታ ምርጫም እዚህ ጥንቃቄ ይፈልጋል። አኩኩሉ ውሃ ዳር አይጫወቱም፤ የጨዋታው ዋና ነገር መደበቅ ስለሆነ ልጁ ከጠባቂው ዓይን የሚጠፋው በቄጠማው መካከል ነው። ኳስም እንዲሁ፤ ሐይቅ ውስጥ የገባችን ኳስ ልጅ ይከተላል። ሰኞ ማክሰኞ፣ ሱዚና እንቆቅልሽ ግን ባሉበት የሚያቆሙ ናቸው፤ ትላልቆቹም ይገቡባቸዋል።

ማየት የተሳናቸው ተሳታፊዎች ካሉ ጠዋት የወፎቹ ድምፅ ራሱ ፕሮግራም ይሆናል። አሳ አዳኙ ንስር አንገቱን ወደ ኋላ ቀልብሶ የሚጮኸው ጩኸት ከሩቅ ይለያል። አምስት ማቆሚያ መርጦ በእያንዳንዱ ላይ አሥር ደቂቃ መቀመጥ፣ የሰሙትን መቁጠር፣ የዋርካውን ግንድና ቄጠማውን በእጅ መዳሰስ ይቻላል። መሪው በክንዱ ይመራ እንጂ ሰውየውን ከኋላ አይግፋ፤ ሰውየው የመሪውን ክርን ይዞ ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ ሆኖ ይሄዳል።

አሞራ ገደል

እዚህ ሐይቁ ዳር ያለው የአሳ ገበያ ለተማሪዎች ሕያው ክፍል ነው። ዓሣ አጥማጆቹ መረባቸውን ሲያራግፉ ቆሮሶ፣ አምባዛና በልጬ ለይቶ ማሳየት ይቻላል፤ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ደግሞ ከሰው መሐል እየተንጎራደዱ የአሳውን አንጀት ይጠብቃሉ። የመግቢያ ክፍያ ስላለ ለቡድን ስንት እንደሆነ አስቀድሞ መጠየቅ ይበጃል። ከረፈደ የገበያው ድምቀት ይቀንሳል።

ሁለት ነገር ያበላሻል። አንዱ ጦጣው ነው። ፌስታል ሲንኮሻኮሽ ከሰማ ይመጣል፤ ሙዝና ዳቦ ከልጅ እጅ ይመነትፋል፤ ልጁ አልለቅም ካለ ይቧጭራል ወይም ይነክሳል። ምሳ በሚዘጋ ቦርሳ ይያዝ፣ ጦጣ መመገብ ለሁሉም ይከልከል። የነከሰው ሰው ካለ ቁስሉ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ታጥቦ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ይሂድ፤ የእብድ ውሻ በሽታ ከውሻ ብቻ አይመጣም። ሌላው መሬቱ ነው፦ አሳው በሚገፈፍበት ዳር ቅርፊትና ውሃ ስላለ ያንሸራትታል። ከዘራና ዊልቸር የያዙ ሰዎች ከዛፎቹ ሥር ቢቆዩ ይሻላል፤ ገበያው ከዚያም ይታያል።

ጥሬ አሳ በዳጣ ለለመደው ሰው የቦታው ወግ ነው። በቡድን ምግብ ላይ ግን፣ በተለይ ለልጆችና ለነፍሰ ጡሮች፣ የተጠበሰው ይቅረብ። አጥንቱ ለሕፃናት ተለቅሞ ይሰጥ።

ጉዱማሌ

የሜዳ ጨዋታ ለሚፈልግ ቡድን ከሁሉ የተሻለው ይህ ነው። የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፍቼ ጫምባላላ የሚከበርበት ሰፊ ሜዳ ነው፤ በዓሉ በዩኔስኮ የዓለም የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ ላይ የሰፈረው በ2015 እንደ ፈረንጆቹ ነው። የበዓሉን ቀን አያንቶ የሚባሉት የሲዳማ ባህላዊ ከዋክብት ቆጣሪዎች ከዋክብት አይተው ስለሚያሳውቁ ቀኑ በየዓመቱ ይለያያል፤ በዚያ ሰሞን ሜዳው ለሌላ ፕሮግራም አይታሰብም። በሌላ ጊዜም ለትልቅ ቡድን ፈቃድ አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ሠላሳ ልጅ ካለ ስድስት ስድስት ሆነው በአምስት ቡድን ይከፈሉና አምስት ጣቢያ ይዘጋጅላቸው፤ በእያንዳንዱ ላይ 15 ደቂቃ ቆይተው በፊሽካ ይዘዋወሩ። ከመቀያየሪያው ጋር አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ከዚያ ካለፈ ትንንሾቹ መነጫነጭ ይጀምራሉ።

ገመድ ጉተታ ላይ የሚደርሰው ጉዳት ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ እጅ መላላጥና ጣት መቀጥቀጥ። ናይለን ገመድ ሲንሸራተት ያቃጥላል፤ ከጥጥ ወይም ከቃጫ የተሠራ፣ እንደ አውራ ጣት የወፈረ፣ 20 ሜትር የሚሆን ገመድ ይፈለግ። ገመዱን እጅ ወይም ወገብ ላይ መጠምጠም ፈጽሞ አይፈቀድ፤ ገመድ ሲሳብ የተጠመጠመ ጣት አይተርፍም። ተቃራኒ ወገን እንዲወድቅ ብሎ ገመድ በድንገት መልቀቅም እንዲሁ። ለጆንያ ሩጫ የ100 ኪሎ ጆንያ ለአዋቂ፣ የ50 ኪሎ ለልጅ ይሆናል፤ ማዳበሪያ የነበረበት ጆንያ ግን ቢታጠብም አይወሰድ።

በዊልቸር ያለ ሰው ዳኛ ሆኖ ብቻ እንዲቀር ማድረግ የተለመደ ነው፤ እሱም መጫወት ይፈልጋል። ኳስ ወደ ቅርጫት መወርወር፣ ተቀምጦ የሚደረግ ቅብብሎሽና ገበጣ ለሁሉም እኩል ናቸው። ውርወራው ላይ ሁሉም ወንበር ላይ ተቀምጦ ይወርውር፤ ያኔ ውድድሩ የምር ይሆናል።

ታቦር ተራራ

ለወጣቶችና ጉልበት ላለው ሰው ርካሽና ጥሩ ነው። አናቱ ላይ ሐይቁና ከተማው አንድ ላይ ይታያል። ለልብና ለጉልበት ሕመምተኞች፣ ለትንንሽ ሕፃናትና ለዊልቸር ግን አይሆንም፤ «ቀስ ብለን እንወስዳቸዋለን» የሚለው ሐሳብ መሐል ላይ ሁሉንም ያስቆማል።

ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ተነስቶ ፀሐዩ ሳይጠነክር መውረድ ያስፈልጋል። ላይ ውሃ የሚሸጥ አገኛለሁ ብሎ መውጣት አይገባም፤ ለአንድ ሰው ቢያንስ አንድ ሊትር ተኩል ይያዝ። አንድ መሪ ከፊት፣ አንድ ብርቱ ሰው ከሁሉ ኋላ ይሁን። ከኋላ ያለው ሰው ማንንም አይቅደም፤ የፊቱ በየ15 ደቂቃው ቆሞ የኋላው እስኪደርስ ይጠብቅ፣ የመጨረሻው ሰው እንደደረሰም ወዲያው አይነሳ፤ ካልሆነ በጣም የደከመው ሰው ዕረፍት ሳያገኝ ይቀራል። ሰው ብዙ ጊዜ የሚወድቀው ሲወጣ ሳይሆን ሲወርድ፣ ጠጠሩ ላይ ነው። ሸበጥና ለስላሳ ሶል ያለው ጫማ ከታች ይመለስ። ስልክና ጌጥ በቀላሉ በማይታይ ቦታ ይያዝ፤ ሁለትና ሦስት ሆኖ መውጣትም አይመከርም።

በጀልባ

ሁሉም ይወደዋል፤ ስለዚህም ጥያቄ ሳይጠየቅበት ይታለፋል። ሐይቁ በጣም ጥልቅ በሚባለው ቦታ 22 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ጠዋት እንደ መስታወት ይተኛል፣ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ተነስቶ ያናውጠዋል። ልጅና አዛውንት ያለበት ቡድን ከረፋዱ 4 ሰዓት በፊት ደርሶ ይመለስ።

ገንዘብ ከመከፈሉ በፊት ላይፍ ጃኬት ይቆጠር፦ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ፣ ለልጅ በልጅ ልክ። ልኩን ለማወቅ ልጁ ጃኬቱን ለብሶ ማሰሪያው ከታሰረ በኋላ ትከሻው ላይ ይዞ ወደ ላይ መሳብ ነው። አገጩንና ጆሮውን ካለፈ ሰፊ ነው፤ ውሃ ላይ ጃኬቱ ብቻውን ተንሳፍፎ ልጁ ከሥሩ ይሾልካል። ልኩ ከሌለ ልጁ አይሳፈር። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ከጎኑ ዋና የሚችል ጓደኛ ይቀመጥለት፤ ሕመሙ በቅርቡ ተነስቶበት ከሆነ ዳር ይቆይ። መስማት ለተሳናቸው «ተቀመጥ»፣ «ተመለስ»፣ «አደጋ» የሚሉ ሦስት የእጅ ምልክቶች ከመሳፈር በፊት ይስማሙባቸው።

ዋጋው ለጀልባው ነው ወይስ ለሰው? ደርሶ መልስን ይጨምራል? ስንት ደቂቃ ነው? ሦስቱም መሬት ላይ ሳሉ ይነጋገሩ። ሐይቁ ውስጥ ወደሚገባው ወደ ጥቁር ውሃ ወንዝ አቅጣጫ ጉማሬ ለማየት ከሆነ ደግሞ ቢያንስ 50 ሜትር ርቀት እንዲጠበቅ ለነጂው አስቀድሞ ይነገር። ለፎቶ ብለው «ጠጋ በልልን» የሚሉት ተሳፋሪዎች ናቸው፤ ግልገል ያላት ጉማሬ ጀልባ ትገለብጣለች። ጉማሬ ሲታይ ሁሉም ወደ አንድ ጎን መነሳቱም ብቻውን ያናጋል። ፎቶ ተቀምጦ ይነሳ።

ወንዶ ገነት

በሻሸመኔ በኩል 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ፍል ውሃው፣ ደኑና ጉሬዛዎቹ ሙሉ ቀን ይይዛሉ፤ ወጪውም ከሁሉ ይበልጣል። ኮንትራት መኪና ሲያዝ ነዳጅ፣ የሹፌሩ ምሳና ቆሞ የሚጠብቅበት ሰዓት በዋጋው ውስጥ መሆኑ ይረጋገጥ፤ ጭቅጭቅ የሚነሳው ማታ ሲመለሱ ነው። የመንገዱን ሁኔታም ከአንድ ቀን በፊት መጠየቅ ይገባል።

ፍል ውሃ ውስጥ በአንድ ጊዜ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይበቃል፤ ከዚያ ወጥቶ አርፎ፣ ውሃ ጠጥቶ መመለስ ነው። ሙቀቱ የደም ሥር ስለሚያሰፋ ቶሎ የተነሳ ሰው ያዞረውና እርጥቡ ድንጋይ ላይ ይወድቃል። ለነፍሰ ጡሮች፣ ለልብ ሕመምተኞችና ለትንንሽ ሕፃናት አይመከርም። የስኳር ሕመም ያለባቸው ሰዎች እግራቸው ሙቀት ላይለይ ስለሚችል ውሃውን መጀመሪያ ሌላ ሰው በእጁ ይሞክርላቸው።

ብስክሌትም መረሳት የለበትም። ሐዋሳ ሜዳ ናት፤ ከ12 ዓመት በላይ ላሉ የተከራየ ብስክሌት ጥሩ ግማሽ ቀን ይሰጣል። ፍሬንና ጎማ ከመነሳት በፊት ይታይ፣ ዋና አስፋልት ላይ በአንድ መስመር ይሄዱ።

በአንድ ላይ ሲታዩ

| ምርጫ | መሬቱ | ጥላ | ዋና ስጋት | የሚመረጥ ሰዓት | ወጪ | ለማን |
|---|---|---|---|---|---|---|
| ፍቅር ሐይቅ | ሜዳ | ጥሩ | ውሃ ዳር፣ ቢልሃርዚያ | ጠዋት 1–4 | ዝቅተኛ | ለተደባለቀ ቡድን፣ ለአዛውንት፣ ለዊልቸር |
| አሞራ ገደል | ዳሩ ያንሸራትታል | ጥሩ | ጦጣ፣ ውሃ ዳር | ጠዋት 1–3 | ዝቅተኛ | ለተማሪዎች፣ ለቤተሰብ |
| ጉዱማሌ | ገላጣ ሜዳ | እንደ ቦታው | ፀሐይ፣ የጨዋታ ጉዳት | ጠዋት 2–5 | ዝቅተኛ | ለብዙ ሰው፣ ለውድድር |
| ታቦር | ዳገት፣ ጠጠር | አነስተኛ | መውደቅ፣ ድካም | ጠዋት 12፡30–3 | ከሁሉ ያነሰ | ለወጣቶች |
| ጀልባ | — | እንደ ጀልባው | ነፋስ፣ ጉማሬ | ጠዋት 1–4 | መካከለኛ | ላይፍ ጃኬት በልኩ ለተገኘለት |
| ወንዶ ገነት | የተደባለቀ | በጣም ጥሩ | ሙቀት፣ እርጥብ ድንጋይ | ሙሉ ቀን | ከፍተኛ | ለአዋቂዎች፣ ለቤተሰብ |

እንደ ሰዉና እንደ ኪሱ

ከ7 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ከበዙ ጉዱማሌ ይሻላል፤ ውሃ ዳር የሚያስፈልገው ጠባቂ ብዙ ነው። የጎረምሶች ቡድን ታቦር ወጥቶ ወርዶ አሞራ ገደል አሳ ቢበላ በትንሽ ገንዘብ ሙሉ ጠዋት ያገኛል። አዛውንቶች ላሉበት የእድር ጉዞ ፍቅር ሐይቅ ይመረጥና ሁለት ሰዓት ብቻ ይያዝ። የሚያርፉበት ወንበር ከመንገዱ በየ100 ሜትሩ ከሌለ ተጣጣፊ ወንበር ይወሰድ።

የመሥሪያ ቤት ቡድን በጀት ካለው ብዙ ጊዜ ወንዶ ገነትን ይመርጣል። ያው ገንዘብ ግን ፍቅር ሐይቅ ላይ ጀልባ፣ ጥሩ ምሳና ለዊልቸር የሚመች መኪና ይሸፍናል፤ አንድም ሰው ለብቻው ተቀምጦ ዕቃ የማይጠብቅበት ቀን ከፈለጋችሁ ይህኛው ይሻላል። ኪሱ የተጎዳ ቡድን ምሳ ከቤት ይያዝ፤ ቆጮ፣ ዳቦ፣ ቆሎና ፍራፍሬ ቶሎ አይበላሹም፤ ሥጋ ወጥና እንቁላል ግን ከጠዋት እስከ ቀትር መኪና ውስጥ መቆየት የለባቸውም።

ምሳው ላይ ረቡዕና ዓርብ ወይም ዓቢይ ጾም ከሆነ «አሳ አለ» ማለት አይበቃም፤ በጾም አሳ የማይበሉ ብዙ ናቸው። ሽሮ ወይም አትክልት ለብቻው ይዘዝ። ሙስሊም ተሳታፊዎች ካሉ ሥጋው ከየት እንደሚመጣ አስቀድሞ ይነገራቸው፣ የዓርብ ሶላት ሰዓትም ከፕሮግራሙ ጋር አይጋጭ።

ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 አካባቢ ለገብርኤል ንግሥ ከየአገሩ ሰው ስለሚመጣ ከተማው ይሞላል፣ የመኝታ ዋጋም ይወጣል። በክረምቱ ዝናቡ በብዛት ከሰዓት በኋላ ስለሚጥል የጠዋት ፕሮግራም ይድናል። ሌሊት ጠንካራ ዝናብ ከጣለ ግን ታቦር ይሰረዝ፣ ጀልባም ነጂው «ችግር የለም» ቢል እንኳ ነፋሱ እስኪቆም ይቆይ። የተሰረዘውን የሚተካ ፕሮግራም፣ ገበጣውም እንቆቅልሹም፣ ጣራ ካለው ቦታ ስምና ስልክ ጋር ተጽፎ በአስተባባሪው ኪስ ይኑር፤ ለተሳታፊዎችም ዓርብ ማታ በጽሑፍ ይላክ።